የሙፊድ ወንድም

ሙፊድ ልጅ ሳለ ዳማ ብቻውን ይጫወት ነበር። አንዴ በዚህ ወገን፣ አንዴ በዚያ ወገን እየተቀመጠ፤ ሲሸነፍ ደግሞ ያለቅሳል! በግብፅ የዚፍታ ከተማ ጎረቤት ሁሉ ይስቅበታል፤ እናቱ ኢንሳፍ ግን አትስቅም። ከእሱ በኋላ ማህፀኗ እምቢ ብሏት ነበር። "እኔ ስሞት ይሄ ልጅ ማንን ይደገፋል?" ትላለች።

ምን አደረገች መሰላችሁ? ልጁ የእርሻ ኮሌጅ ሲገባ፣ ራሷ ሄዳ ለባሏ ለአብደልባሪ ሁለተኛ ሚስት አጨችለት። ረውሂያ የምትባል፣ የጀልባ ቀዛፊ ልጅ ናት።

"አንቺ ሴትዮ፣ ጤናም የለሽ?" አለች ጎረቤቷ። "ሰው በገዛ እጁ ጣውንት ያመጣል?"

"ጣውንት አላመጣሁም። ለልጄ ወንድም ነው የማመጣው።"

"እስኪ መጀመሪያ ይወለድ!"

ተወለደ። ሃኒ አሉት። ኢንሳፍ እልልታዋን አቀለጠችው፤ አራሷንም ዶሮ እያረደች በእጇ አበላቻት። ግን አንድ ነገር ነበር። ሕጉ ለአባቱ አንድ የሆነን ወንድ ልጅ ለውትድርና አይወስድም፤ ወንድም ካገኘ ግን ተራው ይደርሰዋል። ጊዜው ደግሞ ግብፅና እስራኤል በስዊዝ ካናል ወዲህና ወዲያ ሆነው በመድፍ የሚጠዛጠዙበት ነው። አብደልባሪ ይህን አስቦ፣ "እባክሽ፣ የሙፊድ ጉዳይ እስኪያልቅ ሕፃኑ መዝገብ ላይ አይስፈር" ቢላት እሳት ጎረሰች። "የልጄ ወንድም እንደ ሌባ ይደበቅ?" ብላ፣ አዋላጇን አስከትላ በሳምንቱ አስመዘገበችው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ሙፊድ ተመርቆ ወር ሳይሞላው ተጠራ። ኮሌጅ የጨረሰ ነውና ምክትል መቶ አለቃ ብለው እግረኛ ጦር ውስጥ ከተቱት። መነጽራም፣ ቀጫጫ፣ ወታደር የማይመስል ወታደር። ሰዎቹ ግን ወደዱት። ፊደል ላልቆጠሩት ደብዳቤ ይጽፍላቸዋል፣ እየጻፈም ይቆጣቸዋል፦ "ለሚስትህ 'ደህና ነኝ' ብቻ? 'ናፍቀሽኛል' በል እንጂ፣ አንተ ድንጋይ!"

በመጨረሻው ፈቃዱ ኢንሳፍ አጠገቡ ተቀምጣ፣ "ልጄ፣ እዚያ የላክሁህ እኔ ነኝ" አለችው።

"ኧረ ተይ እማዬ! ወንድም እኮ ነው የሰጠሽኝ" አለና ሃኒን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ሳቀ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

ወደ ግንባር በተመለሰ በሦስተኛው ሳምንት፣ ቀትር ላይ፣ መድፍ እንደ ዝናብ ሲወርድ ከምሽግ ምሽግ እየሮጠ "ጭንቅላታችሁን ዝቅ አድርጉ!" ሲላቸው የራሱን ረሳ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር።

በሐዘኑ ሦስተኛ ቀን ቤቱ በሴቶች ተሞልቶ ሳለ፣ ሃኒ ድክ ድክ እያለ መጥቶ የኢንሳፍን ቀሚስ ያዘ። እጁን አላቀቀችው።

"አንተ ባትወለድ የኔ ይኖር ነበር!" አለች።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ማን ይመልሰዋል?

በማግስቱ ረውሂያ ልብሷን ጠቅልላ፣ ልጇን አቅፋ በር ላይ ደረሰች። ኢንሳፍ ተነስታ በሩን ዘጋችባት።

"ወዴት ነው?"

"አባቴ ቤት፣ እትዬ። ልጄን ስታይው ዓይንሽ ያስፈራኛል።"

"አትሂጂብኝ። ይሄ ነፍስ የማያውቅ ልጅ ምን በደለ? ወንድም ካላገኘ ብዬ የወተወትኩ እኔ፣ አንቺን ያመጣሁ እኔ፣ አባቱ እየለመነኝ ልጁን ላስመዘግብ የሮጥኩ እኔ! ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ረውሂያ።"

ከሙፊድ በቀር ጥፋቷን ለሌላ ሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ረውሂያም አብራት አለቀሰችና ጥቅልሏን መሬት ላይ አስቀመጠች። ኢንሳፍ ይህን ስታይ ልቧ መለስ አለ፤ ሁለት እጇን ዘረጋች።

"በይ ስጪኝ፣ አንዴ ልቀፈው።"

ረውሂያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ልጁን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

ኢንሳፍ የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች።

"እውነትሽን ነው" አለች። "እኔም አንቺን ብሆን አልሰጥም ነበር።"