ፓድል ቦርድ ላይ የቆምኩበት ጠዋት

ወንድሜ በሕይወት የነበረበት የመጨረሻው ቀን የጀመረው በአጎቴ ላይፍ ጃኬት ነው።

አትላንታ፣ ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ ካለው አፓርትማችን በር ላይ ቫኑን እየጫንን ነበር። ወደ ባሕር ዳርቻ ልንሄድ ነው። እናቴ፣ አጎቴ፣ እኔ፣ ከቤተ ክርስቲያናችንም ጥቂት ሰዎች። አጎቴ ላይፍ ጃኬቱን፣ ሰው ውሃ ውስጥ እንዳይሰጥም የሚለብሰውን፣ ከሸሚዙ በላይ አጥብቆ አስሮ መጣ። ባሕሩ ጋ ለመድረስ ገና የግማሽ ቀን መንገድ ይቀረናል።

ታላቅ ወንድሜ አየውና፣ "አጎቴ፣ ሃይዌዩ ላይ ጎርፍ አለ ተባለ እንዴ?" አለው።

"አንተ ሳቅ። ውሃ ወዳጅ የለውም።"

የመኪናውን ቀበቶ ግን አላሰረም። ጃኬቱ ወፍሮ አላሳስር አለው።

ወንድሜ ሆስፒታል ነው የሚሠራው። የዚያን ቀን ፈረቃ ነበረበት፣ በማግስቱ ሊቀላቀለን ነው። ጉዞውን ያሰበው እሱ፣ ሆቴሉን ቡክ ያደረገው እሱ፣ የቀረውም እሱ። ፓድል ቦርድ የሚሉትን ነገር የመረጠልኝም እሱ ነው። ሰፊ ሳንቃ ነው። ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሰው ላዩ ላይ ቆሞ ይቀዝፋል። ለምን ተቀምጠው እንደማይቀዝፉ ጠየቅኩት።

"መቀመጥማ ቤትም አለ" አለኝ። ከዚያ አንገቴን በክንዱ ጠመዘዘ። "ነገ ስመጣ ቆመህ ነው የማገኝህ። ካልቆምክ ወደ አትላንታ በእግርህ ትመለሳታለህ።"

"ብወድቅስ?"

"ውደቅ። ብቻ ቁም።"

ዋና አልችልም። እሱም ያውቃል። የአፓርትማችን ፑል ውስጥ እንኳ የምገባው የብረት መሰላሉን ይዤ ነው። ግን ቃል ገባሁለት።

ባሕር ዳር ስንደርስ ችግሩ ውሃው አልነበረም። ሰዎቻችን ነበሩ። ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎቻችን አንዱ እጃቸውን ቦርዱ ላይ ጭነው ጸለዩ። ረጅም ጸሎት ነው። አከራዩ ፈረንጅ ልጅ ኮፍያውን አውልቆ ጠበቀ። አሜን ሲባል ሰዓቱን አየና የጸለይንበትን ጊዜ ከኪራይ ሰዓታችን ላይ ቀነሰው።

"እንግዲህ ሐዋርያም ሞክሮት ሰምጧል" አሉኝ ሽማግሌው ሊያበረታቱኝ።

እናቴ ወንበሯን አዙራ ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጠች። ስሞት ላለማየት ነው። ቦጭረቅ የሚል ድምፅ በሰማች ቁጥር፣ "ወጣ?" ትላለች። አጎቴ፣ "ወጣ" ይላል። አጎቴ ራሱ ጃኬቱን እንዳሰረ ደረቅ አሸዋ ላይ ቆሟል። ከዚያ ሆኖ ያስተምረኛል።

"ወገብህን! ወገብህን ላላ አድርግ! ምን እንደ ግንድ ያደርግሃል?"

ወደቅኩ። ጨው ጠጣሁ። እንደገና ወደቅኩ። ከሰዓት በኋላ የደረስኩበት ትልቁ ደረጃ መንበርከክ ነው።

አመሻሽ ላይ ወንድሜ ደወለ። "ቆምክ?"

"ተንበረከክኩ።"

"ለጸሎት ይበቃል። ለባሕር አይበቃም።"

እናቴ ስልኩን ነጠቀችኝ። "ዛሬ እንዳትነዳ። ተኝተህ፣ ነገ በብርሃን ትመጣለህ።"

"እሺ እማዬ" አላት። እሺ ማለት ይችልበት ነበር።

ጠዋት አጎቴ ቀሰቀሰኝ። ላይፍ ጃኬቱን አላደረገም። "ተነስ ልጄ። ቦርዱን ተከራይቼልሃለሁ።" ስልኬን ውሃ እንዳይነካው ብሎ ተቀበለኝ። የእናቴንም ስልክ ከቤተ ክርስቲያን አብረውን የመጡት ሴቶች ቻርጅ ላይ ነው ብለው ወስደውታል። ከላይ ሆቴሉ ክፍል ውስጥ ከበዋት ቁርስ ያበሏታል። ሽማግሌው በዚያ ጠዋት አልጸለዩም። "ግባ የኔ ልጅ፣ እንደ ልብህ ሁን" አሉኝ።

ያኔ መንቃት ነበረብኝ። የኛ ትልልቅ ሰዎች ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ ሲፈቅዱ ደግ ነገር አይደለም። እኔ ግን ስለ ወንድሜ ነበር የማስበው። አሁን ይደርሳል። ተንበርክኬ እንዳያገኘኝ።

የራሴን ላይፍ ጃኬት አስሬ ገባሁ። ቀዘፍኩ። አንድ እግሬን አነሳሁ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ቆምኩ።

ከባሕሩ ዳር አጨበጨቡ። ስለ ወገቤ የተናገረኝ የለም። ሽማግሌው በእጅጌያቸው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። ስለ ፓድል ቦርድ የሚያለቅስ ሰው አላውቅም። ከዚያ ከኋላቸው መኪኖች መጡ፣ አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ። ከቤተ ክርስቲያናችን ፓርኪንግ የማውቃቸው ናቸው። የወንድሜን መኪና ፈለግኩ። ወንዶች ወረዱ፣ ጥቁር ሱፍ የለበሱ። በሱፍ ባሕር ሊዋኝ የሚመጣ የለም።

በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ በማለዳ ይመጣል፣ ከብቦ ያረዳል። እስከዚያ ሌላ ነገር ያስይዙሃል። እኔን ባሕር አስያዙኝ።

"ና በቃ ልጄ" አለ አጎቴ።

አልመጣሁም። እዚያ ቆሜ እስካለሁ ማንም ምንም ሊነግረኝ አይችልም። ቆምኩ። እግሬ ተቃጠለ። ዝም ብዬ ቆምኩ።

ያኔ እነሱ መጡ። ከነጫማቸው፣ ከነካልሲያቸው፣ ከነሱፋቸው ባሕር ገቡ። ትናንት ጣታቸውን ያላስነኩት የኛ ሰዎችም አብረው ገቡ። አጎቴ ፊት ፊት ነው፣ ያለ ጃኬት። ውሃው ወገቡ ላይ ሲደርስ የቦርዱን ጫፍ ያዘ።

"ሥራውን ጨርሶ በዚያው ሌሊት ተነሳ" አለኝ። "ጠዋት ሊያስደንቅህ። መንገድ ላይ ትልቅ መኪና..." አልጨረሰውም።

"እማዬስ?"

"አልሰማችም። ፓስተሩ ይድረስና..."

ከቦርዱ ወረድኩ። ቆይ አሉኝ፣ ክንዴን ያዙኝ፣ ወግ ነው አሉኝ። አልቆየሁም። ውሃ እያንጠባጠብኩ የሆቴሉን ደረጃ ወጣሁ። ሴቶቹ ሲያዩኝ መንገድ ለቀቁልኝ። እናቴ ሰገነቱ ላይ ነበረች። በዚያ ጠዋት ወንበሯን አላዞረችም፣ ፊቷ ወደ ባሕሩ ነው። መቆሜን አይታ፣ የቀረውን ሴቶቹ ከፊቷ ቆመው ጋርደውባታል።

"አየሁህ" አለችኝ እየሳቀች። "ቆምክ! ደወልክለት?"

የላይፍ ጃኬቴን ማሰሪያ መፍታት ጀመርኩ። ረጥቦ እምቢ አለኝ። እሷ ተነስታ መጣችና በሁለት እጇ ፈታችልኝ። ከዚያ ነገርኳት።