ምስክር ያጣ ስፌት

አዲሱ ክልል በተቋቋመ በሦስተኛው ዓመት፣ በአሶሳ ከነበሩት የመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ እንደ ምንያህል አምሮበት የሚታይ አልነበረም። ከጎጃም ተመድቦ የመጣው ይህ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ፣ ጠዋት ጠዋት በቀዩ አቧራ መካከል እንደ ሙሽራ እየተራመደ ወደ ቢሮው ሲገባ ዘበኞቹ ከመቀመጫቸው ይነሡለት ነበር፤ የሚነሡትም ለሹመቱ ሳይሆን ለኮቱ ነበር። ልብሱን ከየት እንደሚያመጣ የጠየቀው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፦ ከአዲስ አበባ፣ ከፒያሳ፣ አባቱን ያለብሱ ከነበሩ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ዘንድ።

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ሦስት ልጆች የሚያስተምርበት ደመወዝ ፒያሳ የሚያደርስ አልነበረም። ከሱዳን ድንበር በኩርሙክ በኩል የሚገባው ልባሽ ጨርቅ ገበያ ላይ በሚዘረገፍበት ቀን፣ ሰው ሳይበዛ ማልዶ ይሄድና ክምሩን በሁለት ጣቱ እየገለጠ፣ ቀለሙ ቢጠፋም ጨርቁ ያልደከመ ኮት ይመርጣል። ከዚያም በምሳ ሰዓት፣ ባልደረቦቹ ማዕድ ላይ ሳሉ፣ በጓሮ አድርጎ ወደ ሻዕባን ቤት ይገባል።

ሻዕባን ጢሙ የሸበተ፣ የበርታ ብሔረሰብ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከሱዳን ባመጣት አንዲት የእግር ስፌት መኪና ይተዳደራል። ፀሐይ የበላውን ኮት ስፌቱን በምላጭ ይፈታና፣ ለብርሃን ያልተጋለጠውን የጨርቁን የውስጥ ገጽ ወደ ውጭ አድርጎ እንደገና ይሰፋዋል። ልጁ ሀምዲያ አጠገቡ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። ገበሩ ተለውጦ በከሰል ካውያ ሲተኮስ፣ ኮቱ ትናንት ከሱቅ የወጣ ይመስላል። ምንያህል በዚህ መንገድ አራት ኮት አሰፍቷል።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ቢሮው ለዘበኞችና ለተላላኪዎች የደንብ ልብስ ሊያሰፋ ተነሣ። ሻዕባን ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ዓይኑ እየደከመ መሄዱን፣ ሥራው ከተሰጠው ለሀምዲያ የራሷን የስፌት መኪና ገዝቶ ቤቱን ሊያስረክባት ማሰቡን ለምንያህል አጫወተው። ምንያህል ከመራጮቹ አንዱ መሆኑን እያወቀ ግን አንድም የልመና ቃል አልተናገረም።

በምርጫው ቀን ሦስት ሰዎች ተሰየሙ፤ የቢሮው ኃላፊ አቶ ፈየራ፣ የጽሕፈት ሠራተኛዋ ወይዘሮ ብዙወርቅና ምንያህል። የቀረቡትም ልብስ ሰፊዎች ሻዕባንና ከነቀምቴ የመጣ ደባልቄ የሚባል ጎልማሳ ነበሩ። ደባልቄ ከዚህ ቀደም ከሠራላቸው መሥሪያ ቤቶች የተጻፉለትን ደብዳቤዎች ዘረጋ። ሻዕባን የሚዘረጋው ደብዳቤ አልነበረውም።

አቶ ፈየራ ደብዳቤዎቹን ተመልክተው፣ “ለመሆኑ ከእኛ መካከል የሻዕባንን ስፌት ለብሶ የሚያውቅ አለ?” ሲሉ ጠየቁ።

ምንያህል በዚያች ሰዓት የለበሰው ሻዕባን ባለፈው ወር የሠራለትን ግራጫ ኮት ነበር። አቀርቅሮ በፊቱ ያለውን ወረቀት የሚያነብ መሰለ። ሻዕባን ኮቱን አየ፤ ዓይኑንም ወዲያው ወደ መሬት መለሰ።

“ምስክር የለኝም” አለ ቀስ ብሎ። “ሥራ ብቻ ነው ያለኝ።”

ሥራው ለደባልቄ ተሰጠ።

በማግሥቱ ጠዋት ወይዘሮ ብዙወርቅ የሚፈረም ወረቀት ይዛ ገባች። ፊርማውን እየጠበቀች፣ የሻዕባን ስፌት ቶሎ የሚተረተር እንደ ሆነ ጠየቀችው። ምንያህል፣ እኔ በምን አውቃለሁ አላት።

“አንተ ሰው፣ ተው እንጂ” አለች። “የደረት ኪሱ በቀኝ የሆነ ኮት ለብሰህ ስትዞር ሁለት ዓመትህ። ኮት ሲገለበጥ ኪሱ ወደ ቀኝ እንደሚሄድ የማያውቅ አለ? በአሶሳ ኮት የሚገለብጥ ሻዕባን ብቻ መሆኑንም ዘበኞቹ እንኳ ያውቃሉ። ትናንት አቶ ፈየራ የጠየቁት እኮ አንተን ነው። ደንበኛው ራሱ ዝም ካለ ስፌቱ አንድ ነገር ቢኖርበት ነው ብለን ተውነው።”

ምንያህል እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሁለት ዓመት ሙሉ የደበቀው ነገር ተደብቆ እንደማያውቅ ማወቁ አሳፈረው፤ ዝምታው ግን በሻዕባን ላይ የክስ ቃል ሆኖ መቆጠሩ ከዚያ ይልቅ ወጋው። ውሉ ተፈርሞ አብቅቷል፤ የሚመለስ ነገር አልነበረም።

ፈቃድ ሳይጠይቅ ከቢሮው ወጣና በገበያው መካከል አቋርጦ፣ ሰው ሁሉ እያየው ሻዕባን ቤት ገባ።

“ጋሽ ሻዕባን፣ ትናንት ዝም ያልኩት ስፌትዎ ከፍቶብኝ አይደለም” አለ። “አፍሬ ነው።”

ሻዕባን የስፌት መኪናውን አቆመ። “በማን አፈርክ?” አለው። “በእኔ?”

ምንያህል “የለም” ለማለት አፉን ከፈተ። በልባሹ ነው፣ በድህነቴ ነው ሊል ፈልጎ ነበር፤ እውነትም በከፊል እንደዚያ ነበር። ነገር ግን ከዚህ ቤት በወጣ ቁጥር ግራና ቀኙን ያይ የነበረው ከዚህ ሰው ጋር ላለመታየትም ጭምር እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባው። ሀምዲያ መርፌዋን እንደያዘች ቀና ብላ ታየው ነበር። ምንያህል አንገቱን ደፋ።

 ሻዕባንም ክሩን በጥርሱ በጠሰና ወደ ስፌቱ ተመለሰ።