ቀዩ ካፖርት ዳባት ሲደርስ

መተማ ላይ ካፖርት የሚለብስ ሰው የለም። ኅዳር ሲገባ ሙቀቱ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ ሹራብ አያሰኝም። ቢሆንም ከድንበሩ ማዶ በቦንዳ ታስረው ከሚገቡት ሰልባጆች ብዙዎቹ የፈረንጅ አገር የብርድ ልብሶች ነበሩ። ወፍራም ካፖርት፣ የሱፍ ሱሪ፣ አንገተ ረጅም ሹራብ። የሚገዟቸው ወደ ደጋ ብቅ የሚሉ አስተማሪዎች፣ ፖሊሶችና የጤና ረዳቶች ናቸው።

ውባንች የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች። የተወለደችው ዳባት ነው፤ መንግሥት መድቧት ቆላ ወረደች። ደሞዟን ከእናቷ ከወይዘሮ እልፍነሽ ጋር ትካፈላለች፤ ከአዲስ ልብስ ቤት መግዛት አይታሰብም። በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ግን ለጥምቀት አምራ መታየት ፈለገች። ታናሽ ወንድሟ ገሰሰ በብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ናቅፋ ግንባር ነበር፤ ለጥምቀት ፈቃድ ሳላገኝ አልቀርም ብሎ ልኮላታል። አብረው ጎንደር ወርደው ታቦት ሊሸኙ ተስማምተዋል።

የዚያን ዓመት ጎንደር ላይ የተያዘው ፋሽን ትከሻው ሰፊ፣ ወገቡ በቀበቶ የሚታሰር ካፖርት ነበር። ውባንች ከቦንዳ ውስጥ ያገኘችው የበሰለ በርበሬ የመሰለ ቀይ የወንድ ካፖርት ነው፤ ሁለት ሰው ያስገባል። ወደ ጓደኛዋ ወደ ዘሊካ ይዛው ሄደች። ዘሊካ የተጠቀለለችበትን የሱዳን ቶብ ወደ ትከሻዋ ሰብስባ ገበያው ዳር በሲንጀር መኪና የምትሰፋ ሴት ናት።

“ወላሂ ይህ ጨርቅ ነው! የትከሻው ስፖንጅ አለ፤ እሱን አልነካም። ጎንና ጎኑን ፈትቼ አጠብበዋለሁ፤ ከተረፈው ቀበቶ ይወጣል” አለች ዘሊካ።

ውባንች በየሳምንቱ እየሄደች ትለካ ነበር። በዚያ ሙቀት ካፖርት ለብሳ ስትቆም ላቧ በጀርባዋ ይወርዳል፤ ገበያተኛው ይስቃል። እሷም ትስቅ ነበር።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ሽኩር የሚባለው የሰሊጥ መኪና ሾፌር ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ጎንደር ሲያድር ከዳባት የመጣ ዘመዷ አግኝቶታል።

“እናትሽን ትንሽ አሟቸዋል። ቶሎ ትምጣ ብለዋል” አላት። ይህን ሲል የመኪናውን ቁልፍ ያያል እንጂ እሷን አያይም።

ውባንች ያኔውኑ ገባት። እናቷ ብትታመም ኖሮ ሽኩር ዓይኗን እያየ ይነግራት ነበር። ወላ አልጮኸችም፣ ወላ አልጠየቀችም። “መቼ ትወጣለህ?” ብቻ አለችው። “ነገ ማለዳ” አላት። ወደ ክፍሏ ተመልሳ የጀመረችውን የማካፈል ትምህርት ጨረሰች።

ከሰዓት ወደ ዘሊካ ሄደች። ካፖርቱ ተተኩሶ ተሰቅሏል።

“ነገ ዳባት ልሄድ ነው። እናቴን አሟታል አሉኝ።”

ዘሊካ መርፌውን አስቀመጠች። ፊቷን ስታይ ጊዜ እሷም ገባት። “ጥቁር ቀለም ላስነክርልሽ? እስከ ማታ ይደርቃል።”

“አይሆንም። ጥቁር ለብሼ ከገባሁ ማን ነገራት ይላሉ። መርዶውን እነሱ ይንገሩኝ።”

“እንግዲያው ነጠላ ለብሰሽ ሂጂ።”

“ያገሬን ብርድ አታውቂውም። ሌላ የሚሞቅ ነገር የለኝም።”

ዘሊካ ካፖርቱን በጋዜጣ ጠቀለለችላት።

በማግስቱ ሽኩር ጋቢና አስቀመጣት። ገንዳ ውሃ ላይ ኬላው አዘገያቸው፤ ፈታሾቹ የሰሊጡን ጆንያ በብረት ወጉት። አይከል ሲቃረቡ ነፋሱ ተለወጠ፤ ካፖርቱን አውጥታ ለበሰችው። በልክ ተሰፍቷል፤ ትከሻው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ያማረ መሆኑን ታየዋለች፤ ግን የሌላ ሰው ልብስ የምታይ ያህል ነበር። ሽኩር ሻይ ሲገዛላት ጠጣች፤ ዳቦም ሲሰጣት በላች።

ጎንደር አድራ ዳባት ስትደርስ ዘመዶቿ ጎረቤት ቤት አስገቧት። “እናትሽ ተኝታለች፣ ጠዋት ታያታለሽ” አሏት። እሺ አለች። ሊነጋጋ ሲል አጎቷ አቶ ዳኛው ከሽማግሌዎች ጋር ገቡ። አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

“ልጄ፣ ወንድምሽ ገሰሰ ላገሩ ሲል ወድቋል” አሉ።

ሴቶቹ ጮኹ። ውባንች ለመጮህ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። እየደገፉ ወደ ቤት ወሰዷት። በለቅሶተኛው ሁሉ ጥቁርና ነጭ መሐል ቀይ የለበሰች እሷ ብቻ ነበረች። አንዷ ለሌላዋ፣ “ቀይ አድርጋ መጣች እኮ። እንባም የላትም” ስትል ሰማቻት። አልከፋትም፤ እውነት ነው ብላ አሰበች። ደረቷን መታች፤ እጇ ሲያርፍባት ግን አላመማትም።

ለቅሶተኛው ጋብ ሲል እናቷ አጠገቧ ተቀመጡ። የካፖርቱን እጅጌ በሁለት ጣታቸው ይዘው ዳበሱት።

“ይሞቃል?”

“ይሞቃል፣ እማዬ።”

“ናቅፋ የሚሉት ተራራ ነው አሉ። ብርዱ አይጣል ነው አሉ። ምን ለብሶ ይሆን?”

ውባንች ብድግ አለች። ቀበቶውን ፈታች፤ ካፖርቱን አውልቃ እናቷን አለበሰቻቸው። ወይዘሮ እልፍነሽ እንቢ አላሉም። ከላይ ጥቁር ነጠላቸውን ደርበውበት፣ ሰፊው ትከሻ ከውስጥ ጉብ ጉብ ብሎ፣ ለቅሶው እስኪያበቃ እንደዚያ ሆነው ተቀመጡ። 

ውባንች በተዋሰችው ጋቢ ወደ መተማ ተመለሰች። አስተማሪዎቹ ተሰብስበው አጽናኗት፤ ዘሊካ መጥታ እጇን ይዛ ዋለች። ማስተማሩን ቀጠለች። ጥምቀትን ቤቷ ዋለች፤ ልብስ አጠበች፤ ፈተና አረመች። እንዴት ነሽ ሲሏት ደኅና ነኝ ትላለች፤ ውሸት አልነበረም፤ የሚያምማት ቦታ አልነበረም።

ለመስከረም ወደ ዳባት ዝውውር ጠይቃ ፈቀዱላት። የቆላ ቀሚሶቿን ለዘሊካ ልጅ ለመጂዳ ሰጥታ በሽኩር መኪና ወጣች። የደረሰችው ዝናብ እየጣለ ነው። እናቷ እራት አቀረቡላት፤ ከበላች በኋላ የገሰሰን አልጋ አነጠፉላት። ሌላ አልጋ ቤቱ ውስጥ የለም። ውባንች ጫማዋን አውልቃ ተጋደመችበት፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።