የጎረቤቴ አልጋ

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የሰሊጥ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያወቅሁት ሽታውን ነው። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ስለሆነ ቀትር ላይ እጅ አያስነካም። በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የቀረ ሰሊጥ ነበርና ሴቶቹ በጥፍራቸው እየለቀሙ ይቅሙታል። ጥግ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ያራግባሉ። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ነይ ወደዚህ፣ እዚያ ግድግዳው ያቃጥልሻል» አሉኝ።

ፖሊሶቹ የወሰዱኝ ከሥራ ቦታዬ ነው። ከሸሕዲ ወጣ ብሎ ባለ የአንድ ባለሀብት እርሻ ላይ ለሳሉጎች፣ ለአጨዳ ከደጋ ለሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ ወጥ እሠራ ነበር። ድስቱን ከእሳት ላውርድ ብላቸው እምቢ አሉ። መኪናው ላይ ሆኜ ድስቱ ሲያር ይሸተኝ ነበር፤ ወይም የሸተተኝ መስሎኝ ነበር። ልጄ ወባ ይዟት ጎረቤቴ ቤት ተኝታለች። ሌላ ልጅ የለኝም።

የተያዝሁበት ነገር እንዲህ ነው። እኛ ሰፋሪዎች ነን። ከባለቤቴ ጋር ከደጋ ወደ መተማ የወረድነው መንግሥት መሬት ሰጥቶ ባሰፈረን ጊዜ ነው። በመንደራችን ትልልቅ እንግዶች ለጉብኝት ሲመጡ አንድ ቤት ይመረጥና ሞዴል ይባላል። ቤቱ ከተመረጠ የጎረቤት ዕቃ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። አንዷ ብርድ ልብሷን ታመጣለች፣ አንዷ ቴርሞሷን፣ ፍየል ያለው ፍየሎቹን አምጥቶ ደጅ ያስራል። እንግዶቹ ሲሄዱ ሁሉም የየራሱን ይወስዳል። ለሠርግ እንደመዋዋስ ነበር የምናየው፤ ውሸት ነው ያለ ሰው አልሰማሁም። ያን ዓመት የተመረጠው የኔ ቤት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ።

ጎረቤቴ አልጋዋን አመጣችልኝ። ከሱዳን የመጣ፣ በጠፍር የተወጠረ አልጋ ነው። አንድ እግሩ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። እኔ ደግሞ የሰው ዕቃ ቤቴ ካለ እህል አይወርድልኝም። እንግዶቹ ገቡ። ከሁሉም የሚከበሩት ገዘፍ ያሉ ሰው፣ ከድሮው ጋር ሲተያይ ኑሮሽ እንዴት ነው እያሉኝ ወደ አልጋው ሄዱ። ጥያቄውን በደንብ አልሰማሁትም። የታየኝ የአልጋው እግር ብቻ ነው።

«ጌታዬ፣ እሱ ላይ አይቀመጡ» አልሁ። «የጎረቤቴ ነው።»

ሰው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉና ብርድ ልብሱን አዩ፤ ቴርሞሱን አዩ፤ በበሩ በኩል ፍየሎቹን አዩ። ሌላ ነገር ሳይጠይቁኝ ወጡ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሲከተላቸው አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ብሎ አየኝ፤ በማግሥቱ ተያዝሁ።

መርማሪው ልጅ እግር ነው። አልጮኸብኝም። «እናቴ» እያለ ነበር የሚያናግረኝ፤ ውኃም አስመጣልኝ። ፖለቲካ መሥራቴን የሰማሁት ከእሱ ነው። ኑሮሽ አልተሻሻለም ወይ ሲለኝ ለመመለስ ቸኩዬ እንዳላጠፋ ቆም ብዬ አሰብሁበት። ደጋ ሳለን ልጆች በኩፍኝ ቀብሬያለሁ፤ ይችኛዋ ተከትባ አድጋለች። ጤና ኬላ ቅርባችን ነው። አስፋልቱ መጥቷል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰሊጣችን ጥሩ ዋጋ አውጥቶልን ቤታችንን ቆርቆሮ አለበስነው። ከዚያ ባለቤቴ ሞተ፤ መሬቱን የሚያርስልኝ አጣሁ፤ ጦም አደረ ተብሎ ትራክተር ላለው ባለሀብት ተሰጠ። ለሳሉጎቹ ወጥ የምሠራው በዚያው በኛ መሬት ላይ ነው። ሁሉንም ሳላስቀር ነገርሁት። እሱ የጻፈው ክትባቱንና አስፋልቱን ነው።

ቀጥሎ የሚፈልገውን ነገረኝ። ካሜራ ይመጣል። እቤቴ የታየው ዕቃ ሁሉ የኔ መሆኑን፣ ያን ቀን እንዲያ ያልሁት ጎረቤቴ መክራኝ መሆኑን እናገራለሁ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ልጄ እሄዳለሁ። የጎረቤቴ ወንድም ተቃዋሚ ነው ተብሎ ሲፈለግ ወደ ሱዳን ተሻግሯል። እሷን የሚፈልጓት በእሱ የተነሣ ነበር።

«ልጅሽን የምታስታምማት እሷ ናት አይደል?» አለኝ። «ወባው ጠንቶባታል አሉ።»

ከማን እንደሰማ አልጠየቅሁትም። ውኃውን ሳልጨርስ አስቀመጥሁት።

ግቢው ውስጥ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚቆም አንድ መኪና ነበር። ድምፁ ሲሰማ ሁላችንም ሰሊጥ መልቀሙን እናቆማለን። አንዷ «ጓዝሽን ይዘሽ ውጭ» ትባላለች። ወደ ቤቷ ትሂድ ወደ ሌላ ቦታ የሚነግረን የለም፤ እኛም አንጠይቅም።

ነገሩን ለአሮጊቷ አጫወትኋቸው። እሳቸው የታሰሩት ልጃቸው የገባበትን አልናገርም ብለው ነው። ሰምተው ሲያበቁ ጣሪያውን ቀና ብለው አዩት።

«እኔስ ተሻሽያለሁ» አሉ። «ዕድሜ ልኬን ሣር ቤት ኖሬ ቆርቆሮ ቤት የገባሁት ገና አሁን ነው።»

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

«እሜቴ፣ አንቱ በኔ ቦታ ቢሆኑ ምን ይላሉ? ልጄ ብትሞትብኝስ?»

«እኔማ አልናገርም ብዬ የት እንዳለሁ ታይኛለሽ» አሉኝ። «ብቻ አንች፣ አልጋው የኔ ነው ካልሽ ወስደሽ ትተኝበታለሽ?»

«ኧረ እንዴት ብዬ።»

«እንግዲያ አስቢበት» አሉና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተኙ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ መኪናው ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ። የተጠሩት እሳቸው ነበሩ፤ ጓዝዎን ይዘው ይውጡ ተባሉ። ጓዛቸው አንዲት ጀሪካን ብቻ ነበረች፤ ውስጧ የቀረውን ውኃ በኔ ጣሳ ገልብጠውልኝ ባዶዋን ይዘው ወጡ። መኪናው በየትኛው በኩል እንደዞረ ለመስማት ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ ለጠፍሁ። አቃጠለኝ እንጂ አልለየሁትም።

ቀትር ላይ እኔን ጠሩኝ። በር የምትከፍተዋ ሴት ፖሊስ የራሷን ነጭ ነጠላ ይዛ መጣች። ቀሚስሽ ስላደፈ ይህን ደርቢበት ተብሏል አለችኝና፣ «እንዳታቆሽሽብኝ» ብላ አከለችበት። ለብሼው ሄድሁ።

ካሜራው ቆሟል። መርማሪው ከካሜራው ጎን ተቀምጦ፣ ጀምሪ በሚል ዓይን ያየኛል። ጎረቤቴ እርጥብ ጨርቅ ይዛ የልጄን ግንባር ስታብስ ታየችኝ። በኔ ቃል እሷን ይዘው ቢያመጧት ያን ጨርቅ ማን ያነሣዋል? ባልናገርስ እኔን ለልጄ ማን ይመልሰኛል? ሁለቱንም አሰብሁ፤ ከሁለቱ የሚቀል አጣሁ።

«ልጄ ተከትባለች» አልሁ። መርማሪው ራሱን ነቀነቀ። «መንገዱ መጥቷል። ጤና ኬላውም ቅርብ ነው።» አሁንም ነቀነቀ። «መሬታችን ግን ሄዷል። አልጋው የጎረቤቴ ነው። እግሩ ስብር ስለሆነ እንግዳው እንዳይወድቁ ፈርቼ ነው የተናገርሁት፤ የመከረኝ ሰው የለም። ይህ ነጠላም የኔ አይደለም።»

ካሜራ የያዘው ሰው ቀና ብሎ መርማሪውን አየው። መርማሪው አልጮኸም። «ጥሩ» ብቻ አለ። እስር ቤት ከሰማሁት ሁሉ እንደዚያ ቃል ያስፈራኝ የለም።

ስመለስ በሩ ላይ ነጠላውን አውልቄ፣ ጥለቱን ከጥለቱ አግጥሜ አጣጥፌ ለፖሊሷ ሰጠኋት። አልቆሸሸም፣ እይው አልኋት። ሳታየው ተቀበለችኝ። ከዚያ በኋላ መኪናው በቆመ ቁጥር አሁን የኔ ነው፣ ወይም ጎረቤቴን ይዘው መጡ እያልሁ ስጠብቅ ሰነበትሁ። አንድ ቀን ያችው ፖሊስ ውኃ ስታድል ወደኔ ሳትዞር፣ «ልጅሽን ትኩሳቱ ለቋታል አሉ» አለች። እውነት ይሁን ማጽናኛ መለየት አልቻልሁም። ውኃውን ግን ጨርሼ ጠጣሁት።

አጨዳው ካለቀ በኋላ ለቀቁኝ። ለምን እንደለቀቁኝ የነገረኝ የለም። ልጄ ከስታ፣ ረዝማ አገኘኋት። ጎረቤቴን አልነኳትም፤ አልጋው ግን እቤቴ እንዳለ ነው። ብወስደው ይጠይቁኛል ብላ ፈርታ ስለተወችው ጠፍሩ አቧራ ለብሶ ኖሯል።

በማግሥቱ አልጋውን አወጣነው። ሲመሽ እናድርገው ብትለኝ አይሆንም አልኋት። በጠራራ ፀሐይ፣ እሷ በራስጌው እኔ በግርጌው ይዘን፣ በሊቀመንበሩ ደጅ በኩል አሳለፍነው። የተሰበረው እግር በኔ በኩል ነበር። ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ያያል። ቤቷ ስንደርስ ቦታው ላይ አስቀመጥነውና ሁለታችንም ቀስ ብለን ተቀመጥንበት።

ዓመታት አልፈዋል። የአሮጊቷን ነገር ብዙ ሰው ጠየቅሁ፤ አየኋቸው ያለኝ የለም። ደጅ ላይ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ሲቆም ዛሬም በእጄ ያለውን ዕቃ አስቀምጣለሁ። የራሴ አልጋ ገዝቻለሁ፤ መሬቱ ግን አልተመለሰልኝም። ኑሮ ከድሮው ተሻሻለ ወይ እያለ የሚጠይቅ ዛሬም አይጠፋም። እኔም ከመመለሴ በፊት ዞር ብዬ ቤቴን አያለሁ፤ ሳይመለስ የቀረ የሰው ዕቃ ይኖር እንደሆነ።