የአዴ ሩቂያ ሳምቡሳ

ልጄ ዱባይ ስለወለደች ልጠይቃት ተነሣሁ። ቲኬቱን የቆረጠልኝ አማቼ «ላውንጅ ውስጥ ተቀምጠው ነው የሚጠብቁት፤ ያሻዎትን ይበላሉ» ብሎኝ ስለነበር ቦሌ እንደደረስኩ በጉጉት ገባሁ። እውነትም ምግቡ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተደርድሯል። በየትሪው ፊት ስሙ የተጻፈበት ትንሽ ካርድ ቆሟል። ጊዜው ሑዳዴ ነውና «የጾም» የሚለውን ፈልጌ አንድ ሳምቡሳ አነሣሁ። ቀዝቅዟል፤ ዘይቱ ላዩ ላይ ረግቷል። ይህን ሁሉ መብራትና መስታወት አቁመው አንድ ሳምቡሳ ማሞቅ እንዴት ያቅታቸዋል እያልኩ፣ ሳይታወቀኝ አውራ ጣቴን በጫፎቹ ላይ አስኬድኩ። ሦስቱም ልሙጥ ናቸው። ሳህኔን ይዤ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ዘንድሮ ሑዳዴና ረመዳን ገጥመዋል፤ ያን ጊዜም እንዲሁ ገጥመው ነበር።

ያን ጊዜ የምለው ደርግ ሊወድቅ ጥቂት የቀረውን ዘመን ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ እየፈለግሁ ቤት የተቀመጥኩ ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ሐረር፣ ፈላና በር አጠገብ ነው። እናቴ ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች አስተማሪ ስትሆን፣ አገሩን ሳታውቅ በገባችበት ሰሞን እጇን ይዘው ገበያ ያሳዩዋት አዴ ሩቂያ ናቸው። ትልልቅ እናቶችን አዴ ብለን ነበር የምንጠራው። ቤታቸው ከበሩ ገባ ብሎ፣ ከግንቡ ውስጥ ነው። እናቴ ለእሳቸው ብቻ የምታወጣው ድስትና ሳህን ነበራት፤ የእኛ ሥጋ ነክቶት አያውቅም። በእሳቸውም ቤት ለእኛ የተለየ ድስት ነበር። ሌላ አገር ሄጄ ይህን ሳጫውት ሰው የመራራቅ ምልክት ይመስለዋል። ለእኔ ግን ሰው ለሰው በጓዳው ውስጥ ቦታ ሲያስቀምጥ ማየት ነበር።

አዴ ሩቂያን የዓይን ሞራ ያዛቸው። ቀኙ ጨርሶ ጠፋ፤ ግራው ጥላ ብቻ የሚያይ ሆነ። ጅዳ ያለው ልጃቸው ለጥቂት ቀን አዲስ አበባ የመጣ የውጭ ሐኪም መኖሩን ሰምቶ፣ በሰው በሰው ቀጠሮ አስይዞ የአውሮፕላን ቲኬት ላከ። ቀጠሮው የሐኪሙ የመጨረሻ የሥራ ቀን ጠዋት ነው። ያ ካለፈ ሐኪሙ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ አዴም በጨለማቸው ይቀራሉ። እናቴ ተማሪዎቿን ትታ መሄድ ስለማትችል እኔ ይዣቸው እንድሄድ ተወሰነ።

በጉዞው ቀን፣ በቀጠሮው ዋዜማ፣ ማለዳ ልወስዳቸው ስሄድ ማጀት ተቀምጠው ሳምቡሳ ሲጠብሱ አገኘኋቸው። በአንድ እጃቸው የዘይቱን ሙቀት ከላይ እየለኩ፣ በሌላው ያገላብጣሉ።

«አዴ፣ መንገደኛ ጾም እንዲተው ይፈቀድለት የለ? ዛሬን ቢያፈጥሩስ?» አልኳቸው።

«ይፈቀድለታል። እኔ ግን ለዓይኔ ዱዓ ይዣለሁ፤ ሆዴን ሞልቼ አልለምንም» አሉ። ቀጥለውም «ያንቺን አስቀድሜ ጠብሻለሁ፣ ዘይቱ ሥጋ ሳያይ። አትጠራጠሪ» አሉኝ።

ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ እንዳይሳሳቱ ዘዴ አበጅተው ነበር። የምስሩን ሳምቡሳ አንዱን ጫፍ በጥፍራቸው ቆንጠጥ ቆንጠጥ ያደርጉታል፤ የሥጋው ጫፍ ልሙጥ ነው። ሁለቱን በየጨርቁ ለየብቻ ቋጥረው ዘንቢል ውስጥ አኖሩት። ለሁለት ሰው የተሠራ ስንቅ አይመስልም ነበር። «መንገድ ላይ ሰው አይጠፋም» አሉና ዘጉኝ።

ከፈረስ መጋላ አደባባይ ፔጆ ታክሲ ተሳፈርን። አወዳይ ላይ በጫት እሽግ መሐል ተጋፍተን አለፍን። ጥቂት እንደሄድን እርጥብ ነፋስ በመስኮቱ ሲገባ አዴ «ሐይቁ ጋ ደረስን መሰለኝ፤ ሞልቷል?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ጊዜ የአለማያ ሐይቅ ሙሉ ነበርና ሞልቷል አልኳቸው። «አየዋለሁ ኢንሻአላህ» አሉ። የደንገጎን ቁልቁለት በጥምዝምዙ ስንወርድ ሙቀቱ ከታች እየወጣ ተቀበለን፤ የሐረርን ነጠላ አውልቀን ድሬዳዋ ገባን።

ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነውና አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ፍተሻ ነበር። አንድ ወጣት ወታደር ዘንቢሉን ተቀብሎ ሁለቱንም ቋጠሮ ፈታና ሳምቡሳውን እንዳለ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው። የሚፈልገውን ሲያጣ መልሶ ሁሉንም ባንድ ጨርቅ አፈሰው። እኔ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። እንኳን የጾምና የፍስክ፣ የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ በማይነካካበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አዴ ግን «ተይው ልጁን፤ ታዞ ነው» ብለው ክንዴን ያዙኝ።

የመንገደኛ ማረፊያው የእንጨት አግዳሚዎች የተደረደሩበት ሙቅ አዳራሽ ነበር። ጥግ ላይ ያለችው ሻይ ቤት ያላት ሻይና ጥርስ የሚፈታተን ብስኩት ነው፤ እሱም ከቀትር በኋላ አለቀ። አውሮፕላኑ ቀትር ላይ ይመጣል ተብሎ ቀረ። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ኃላፊው ወጥቶ «ሳይጨልም ካልመጣ ለነገ ነው» ሲል አዴ እጄን አጥብቀው ያዙኝ። 

«የሺ፣ ሐኪሙ ይጠብቀኛል?»

«ኢንሻአላህ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ሰዓትሽ አልፏል እኮ፤ ቅመሽ እንጂ» አሉኝ። እውነት ነው፣ እኔ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መብላት እችል ነበር። «ከእርስዎ ጋር ነው የምበላው» አልኳቸው። አንጀቴ ግን አልተስማማም፤ ይጮህ ነበር።

ፀሐይ ስትጠልቅ ከከተማው አዛን ተሰማ። አዴ ቢስሚላህ ብለው በአንዲት ቴምር አፈጠሩ፤ ከዚያ ዘንቢሉን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው «የሺ፣ ያልበላ ሰው ጥሪ» አሉ። ያልበላማ አዳራሹ በሙሉ ነበር። ሰዉ እያፈረ ቀረብ ቀረብ አለ። አዴ የእያንዳንዱን እጅ ይይዙና «ስምህ ማነው?» ይላሉ። ጀማል ሲላቸው ጣታቸው ዘንቢሉ ውስጥ ገብቶ ልሙጡን ያወጣል። ወለተ ማርያም ስትላቸው ቆንጠጥ ያለውን። ጀርባቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ ፊታቸውን ወደ ጣሪያው ቀና አድርገው፣ አንድም ሳይሳሳቱ። ቁንጥጫው በጥብሱ ጠፍቶብኝ እኔ ዓይኔን አፍጥጬ መለየት ያቃተኝን እሳቸው ከጨለማ ውስጥ እየለዩ ለየሰዉ በየእምነቱ ያድላሉ።  ከዚያ ወዲህ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያስደነቀኝ ግን የለም።

በሩ ላይ የነበረው ወታደርም መጣ። ገብረ ሥላሴ ነኝ ሲላቸው «ቀላቃዩ አንተ ነህ?» አሉት። ልጁ አንገቱን ደፋ፤ እሳቸው እየሳቁ ሁለት ጨመሩለት።

ቀጥሎ አንድ ካድሬ ቀረበ። ካኪ የለበሰ፣ ቀኑን ሙሉ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ለብቻው ተቀምጦ የዋለ ሰው ነው።

«ስምህ ማነው ልጄ?»

«ጓድ ታደሰ።»

«ጓድ የሚባል ሳምቡሳ አልሠራሁም» አሉ አዴ። አዳራሹ ሳቅ ሊያመልጠው ሆነና ታፈነ።

«እኔ አልጾምም እናቴ። የቱም ይሁን» አለ፣ ጓደኞቹ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«የቱም የሚባል የለም። ይሄ ሥጋ ነው፣ ይሄ ምስር።»

ሰውዬው ጓደኞቹን ዞር ብሎ አየ። ከዚያ የጫማውን ክር የሚያስር ይመስል ጎንበስ ብሎ «የምስሩን» አለ በሹክሹክታ። ከአዴና ከእኔ በቀር የሰማ የለም። አዴ በእጁ አስጨበጡት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በላ።

እኔም በላሁ። ምስሩ በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት የታሸ፣ ሊጡ ከጠዋት ጀምሮ ቆይቶም ያልለዘበ። እናቴ ብታየን የሥጋው ቅባት ነክቶታል ብላ ታነሣ ይሆናል፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን እንጂ እንደዚያ የጣፈጠኝ ጾም የለም።

አውሮፕላኑ ብርሃኑ ጨርሶ ሳይሄድ መጣ። ኃላፊው ግን ስም እየጠራ ጥቂት ሰው ብቻ እንደሚጭን ተናገረ፤ ከሌላ ቦታ ቁስለኛ ይዞ ነበር። አዴ ተጠሩ። እኔ አልተጠራሁም። ማንበብ ቀርቶ መንገድ የማያዩ ሴት ብቻቸውን እንዴት ይሄዳሉ ብዬ ብለምን ኃላፊው «ትእዛዝ ነው» አለኝ። አዴ ቀሚሴን ይዘው «ካላንቺ አልሄድም፤ ይቅርብኝ» አሉ። ይኼኔ ጓድ ታደሰ መጣና ኃላፊውን «በእኔ ቦታ ልጅቷ ትግባ» አለው። ጓደኛው የምንሄድበት ስብሰባ እንዴት ሊሆን ነው ሲለው ሻንጣውን አነሣ። አዴ ድምፁን አውቀው እጃቸውን ዘረጉ፤ ጎንበስ ብሎ ራሱን አስነካቸውና ወጣ።

ሐኪሙ ደረሰልን። ግራው ዓይን ዳነ። ፋሻው የተፈታ ቀን አዴ አጠገባቸው ቆሜ ሳለሁ ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ እያደረጉ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ «የሺ! እንዲህ ከስተሻል እንዴ? ጾሙ ጎድቶሻል» አሉኝ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ስንመለስ አለማያ ላይ መኪናውን አስቁመው ሐይቁን አዩ።

ይህን ሳስብ የላውንጁ አስተናጋጅ መጥታ ያልተነካ ሳህኔን አየች። ከንፈሯ የደረቀ፣ ፊቷ የደከመ ወጣት ናት።

«አልወደዱትም እማዬ? ላንሣው?»

«ስምሽ ማነው?» አልኳት።

ደነገጠች። «አጠፋሁ እንዴ?» አለች። እዚህ ስም የሚጠየቀው ለአቤቱታ ነው መሰለኝ።

«የለም፣ እንዲያው ነው።»

«ሐያት» አለች።

«መግሪብ ስንት ቀረው ሐያት?»

ሰዓቷን ሳታይ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከአውሮፕላኖቹ ጀርባ ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች። «ትንሽ ነው» አለች፣ ፈገግ ብላ።

«እንግዲያው ሳህኑን አታንሺው» አልኳት። «ከአንቺ ጋር ነው የምበላው።»