የተተኮሰው ውርንጭላ

አዲስ ከተማ ፀጉር ቤት ውስጥ ካውያው ፀጉሬን ሲያሳርረው፣ ውርንጭላችን ሸተተኝ።

ሐዋሳ ባጃጅ ሳይገባ አባቴ ጋሪ ነጂ ነበር። የባዝራችን ልጅ የኋላ እግሮቹ ተጣመው ሲወለድ፣ መገጣጠሚያውን በጋለ ብረት ሊተኩስ ተነሳ።

«ታገሰው፤ እያደር ይቃናል» አሉት አዛውንቱ ጎረቤታችን።

«ሽባውን እርስዎ ይቀልቡልኛል?» አላቸው። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጥሪው፤ አንቺን ያምናል» አለኝ።

ጠራሁት፤ እየተንገዳገደ መጣ። አንገቱን አቅፌ፣ «አይዞህ፣ አያቃጥልህም» አልኩት። ቁስሉ አመርቅዞ ከወደቀበት አልተነሳም፤ ለጅብ ተጣለ።

በዓመቱ ባዝራዋ ያንኑ የመሰለ እግረ ጠማማ ወለደች። አባቴ ታሞ ስለነበር ማንም አልተኮሰውም። በወሩ እግሩ ቀጥ ብሎ ግቢው ውስጥ ሲፈነጭ፣ አባቴ ከአልጋው ሆኖ አየው።

«ያኛውን ለምን ያዝሽልኝ?» አለኝ።

«አይዞሽ፣ አያቃጥልሽም» አለችኝ ፀጉር ሠሪዋ። አንገቴን ሰጠኋት።