ቁጥር ሰባትና የጎረቤቴ በርበሬ

አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፈራችን ተሠርቶ ያለቀ ዕለት ማንም አልረገጠውም። እውነቴን ነው! ስንት ወር ሙሉ አቧራ ስንቅም፣ ከበራችን በእንጨት ድልድይ እየተንገዳገድን ስንወጣ፣ «ኧረ መቼ ነው የሚያልቀው?» እያልን ስናማርር ከረምን። አልቆ ሠራተኞቹ ገመዱን ሲያነሱ ግን ሁላችንም በየበራችን ቆመን ማየት ብቻ ሆነ። ንጣፉ ታጥቦ ያበራል፣ ከጎኑ የብስክሌቱ መስመር አረንጓዴ ተቀብቷል፣ ችግኙ ተተክሏል፣ አግዳሚ ወንበር ሳይቀር ተቀምጧል። ሰው ግን እንደ ወትሮው አስፋልቱ ላይ ከባጃጅ ጋር ይጋፋል። «ምነው በዚህ አትሄዱም?» ሲባል የሁሉም መልስ አንድ ነው፤ «ኧረ ይቆሽሻል!»

የመጀመሪያው ደፋር አባቴ ነበሩ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። አንደኛው ዓይናቸው በዓይን ግፊት ሕመም ከጠፋ ቆይቷል፤ በሁለተኛውም የሚያዩት በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው ነው። ከዘራቸውን ይዘው ወጡና ንጣፉ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ!

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?» ብዬ ሮጥኩ።

«ሰው ምንጣፍ ላይ በጫማ ይወጣል እንዴ?» አሉኝ ቆጣ ብለው።

በካልሲ እስከ መታጠፊያው ሄደው ተመለሱ። ካልሲያቸውን አውልቀው ወደ ደህናው ዓይናቸው አስጠግተው መረመሩትና «ንጹሕ ነው!» ብለው ለጎረቤት ሁሉ አወጁ። ሰፈሩ በእግረኛ መንገዱ መሄድ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ራሴ ግን ለሳምንት ያህል ከቤት ስወጣ ጫማዬን በር ላይ እጠርግ ነበር። ሰው ሲገባ ይጠርጋል፣ እኛ ስንወጣ!

አባባ በመንገድ እንዲህ የሚሆኑት ያለ ነገር አይደለም። ከተማችንን አዳማን ሁሉም ሰው ናዝሬት ብቻ ብሎ በሚጠራበት፣ ባጃጅ የሚባል ፍጥረት ባልተወለደበት፣ ሰው በጋሪና በእግሩ በሚሄድበት ጊዜ ብስክሌት ያከራዩ ነበር። ዛሬ ቦርጩን ታቅፎ መኪና የሚነዳው የዚህ ከተማ ወንድ ሁሉ ብስክሌት የለመደው በእሳቸው እጅ ነው። ኮርቻውን ከኋላ ይዘው እየሮጡ «ፊትህን እይ! ጎማውን አትይ!» ይሉታል። እያንዳንዱ ብስክሌት ከኋላው ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ ነበረው፤ ልጆቹም በስማቸው አይጠሩም፣ ቁጥር ሁለት፣ ቁጥር አምስት እየተባሉ ነው። የእኔ ሥራ ምን ነበር መሰላችሁ? ከጠረጴዛ ሰዓቱ ጋር የሱቁ መስኮት ላይ ተጎልቶ «ቁጥር ሦስት! ሰዓትህ አልቋል!» ብሎ መጮህ። የስንቱን ልጅ ደስታ በጩኸቴ እንዳቋረጥኩት እግዜር ይወቀው።

እኔ ግን አልነዳም። ሴት ነኛ! አንድ ቀን ብቻ፣ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ አባባ ለቅሶ ሲሄዱ ቁጥር ሰባትን ይዤ ወጣሁ። ቀዩዋ ነበረች፣ የሁሉም ልጅ ምኞት። ሦስት ጊዜ ረገጥኩ፣ በአራተኛው ቦይ ውስጥ ነኝ። ከለቅሶ ሲመለሱ ጉልበቴ እየደማ አገኙኝ። አልመቱኝም፤ ብቻ «ሰው ምን ይለኛል? ሁለተኛ ብስክሌት ላይ እንዳላይሽ!» አሉ። ቃላቸውን አከበርኩ፣ አላዩኝም። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ መዝገብ ቤት ስሠራ ፀጉሬ ሸበተ፣ ባሌን ቀበርኩ፣ ሃምሳ ስድስት ዓመት ሞላኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን አላዩኝም።

ታዲያ ባለፈው የዓይን ሐኪሟ ጋ ስንሄድ እኔን ለብቻዬ ጠርታ፣ የቀረችው ዓይናቸው ብዙ እንደማትቆይ ነገረችኝ። «ማየት የሚፈልጉትን አሁን ያሳዩአቸው» አለችኝ። በባጃጅ ስንመለስ አባባ የጎኑን ብረት ይዘው ውጭ ውጭውን ያያሉ። አዲሱ መንገድ ጋ ስንደርስ በአረንጓዴው መስመር ላይ አንዲት ኮረዳ ሻርፗን እያውለበለበች በብስክሌት ሽው አለች። አባባ አንገታቸውን እስኪያማቸው ድረስ ዞረው ተከተሏት። «ሴት ናት?» አሉኝ። «ሴት ናት» አልኳቸው። «ጎበዝ ናት» አሉ።

ጎበዝ ናት! አያችሁልኝ? አርባ አራት ዓመት ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩትን ቃል ለማያውቋት ልጅ በነጻ ሰጧት። ተናደድኩ፣ እውነቱን ለመናገር ቀናሁ። ያቺ ዓይን ሳትጠፋ አባቴ ብስክሌት ላይ ያዩኛል፣ አለዚያ እኔ ልጃቸው አይደለሁም ብዬ እዚያው ባጃጅ ውስጥ ወሰንኩ።

ቁጥር ሰባት ከሁሉም ብስክሌቶች የተረፈችው ናት። ሱቁ ሲዘጋ ሌሎቹ ተሸጡ፣ እሷ መጋዘናችን ግድግዳ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። አባባ ቀትር ላይ ሲያሸልቡ ከወንድሜ ልጅ ጋር በስርቆት አወረድናት። የወንድሜ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፣ ብስክሌት መንዳት እንደ መተንፈስ ነው የሚቀልላት። ዝገት ጠብቀን ብሩሽና ጨርቅ ይዘን ነበር። ሰንሰለቱን ስነካው ጣቴ በዘይት ጠቆረ፤ ትኩስ ዘይት! ለካ አባባ በዳበሳም ቢሆን እየገቡ ሲቀቧት ኖረዋል። ጎማዋን ብቻ ለወጥንላት።

ልምምዱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከቤታችን ራቅ ብሎ፣ ሰው ሳይበዛ ነበር። ወይ ጉድ፣ ምን ሰው ያንሳል! ኪዳን አድርሰው የሚመለሱት የማኅበር ጓደኞቼ ሲያዩኝ አማተቡ። አንዱ ባጃጅ ነጂ በየቀኑ ፍጥነቱን ቀንሶ «እማማ፣ ዛሬ ሶደሬ ይደርሳሉ?» ይለኛል። «ሶደሬ ስደርስ አንተ ገና ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነህ!» እለዋለሁ፣ ብዬም ሳልጨርስ እወድቃለሁ። የወንድሜ ልጅ እየሳቀች ታነሳኛለች። «አክስቴ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ትለኛለች። «እንቁላሉማ ጉልበቱ አያመውም!» እላታለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ለቀቀችኝና ሄድኩ። ሄድኩ እኮ! መዞር አቃተኝ እንጂ መሄዱን ሄድኩ። ፍሬኑም ትንሽ ያስቸግረኝ ነበር። እሱን ሌላ ቀን እማራለሁ ብዬ ተውኩት።

ሰፈራችን የብስክሌቱን መስመር በገባው መንገድ ነበር የሚጠቀምበት። የሠሩት ሰዎች «ይህ ለብስክሌት ነው» አሉ። ሴቶቻችን ደግሞ አዩት፤ ሰፊ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ታቃጥለዋለች። ይህማ የእህል ማስጫ ነው! አንድ ቀን ሽምብራ፣ አንድ ቀን ገብስ ተሰጥቶ ይውላል። ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ጥበቃ ተመድቦልናል፤ ፊሽካውን ሲነፋ ይሰበሰባል፣ ዞር ሲል ይሰጣል። «እናቶች፣ ሕግ አለ እኮ!» ይላል። «ፀሐይም አለ ልጄ» ይሉታል። እኔም ብሆን አልዋሽም፣ አንድ ጆንያ ገብስ አስጥቼበታለሁ።

የቀጠርኩት ቀን ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። አባባን ወንበር አውጥቼ በራችን ላይ አስቀመጥኳቸው። «እዚህ ይቀመጡ፣ አንድ ነገር ያያሉ» አልኳቸው። «ምኑን?» «ይቀመጡ ብያለሁ!» እኔም ከወንድሜ ልጅ በተዋስኩት የስፖርት ሱሪ ላይ ቀሚሴን ደርቤ፣ ሻሼን አጥብቄ አስሬ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ሄድኩና ቁጥር ሰባት ላይ ወጣሁ።

የአዳማን ነፋስ ሁላችንም እናማዋለን፤ አቧራ ያስቅመናል፣ ልብስ ከገመድ ላይ ይወስዳል። የዚያን ቀን ግን ከኋላዬ ነበርና ገፋኝ። ምን ልበላችሁ፣ እግሬ ሳይደክም መሬቱ ራሱ ይሄድልኝ ጀመር። ችግኞቹ አለፉ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ አለፉ። አንድ ሽማግሌ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። ጥበቃው ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ «ጀባዱ! በርቺ እናቴ!» አለኝ። እንደ ሕፃን ጮኼ ሳቅኩ። ሃምሳ ስድስት ዓመት ምን ስሠራ ነበር? ለምን እስከ ዛሬ በእግሬ ሄድኩ?

ከዚያ ቀዩን አየሁት።

ጎረቤቴ፣ ከእኛ በር ቀጥሎ ያለችው፣ ለዓመት የሚሆናትን ዛላ በርበሬ ዓለም ጤና ገበያ ድረስ ሄዳ መርጣ አምጥታ ነበር። እኔ ወደ መታጠፊያው ስሄድ ያንን በርበሬ ከዳር እስከ ዳር፣ አረንጓዴውን መስመር ሙሉ፣ አስጥታዋለች። በግራ ችግኝ፣ በቀኝ እግረኛ፣ በፊት በርበሬ! ፍሬኑ ትዝ አለኝ። ያዝኩት። እሱ ግን የረሳኝ መሰለኝ። ዓይኔን ከበርበሬው ላይ ማንሳት አቃተኝ፣ ባየሁት ቁጥር ደግሞ ቁጥር ሰባት ቀጥ ብላ ወደ እሱ ትሄዳለች። ጎረቤቴ ከበሯ ብቅ አለችና ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «በርበሬዬን! ኧረ በሕግ አምላክ፣ በርበሬዬን!»

ያን ጊዜ ነው ድምፁ የመጣው። ለዓመታት ያልሰማሁት፣ ወፍራም፣ የሱቁ ጊዜ ድምፅ።

«ቁጥር ሰባት! ፊትሽን እይ! በርበሬውን አትይ!»

አባባ! ከወንበራቸው ተነስተው፣ ከዘራቸውን ወደ ላይ አንስተው፣ በዚያች በቁልፍ ቀዳዳዋ ዓይናቸው አይተውኛል! ቀና አልኩ። እሳቸውን ብቻ አየሁ፣ መሪውን አጥብቄ ያዝኩና በርበሬው መሐል ገባሁ። ሿ ሿ ሿ አለ ከሥሬ። ደረቁ ዛላ ሁሉ ተሰባበረ፣ ነፋሱ ደግሞ ሥራውን አልረሳም፣ አንስቶ በተነው። እግዚኦ! መንገዱ በሙሉ ማስነጠስ ጀመረ። ጥበቃው ፊሽካ ሊነፋ ሲል አስነጠሰው፣ ፊሽካው በራሱ ጮኸ። አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡት እየሳሉ ተበተኑ። እኔ ግን አልወደቅኩም! በራችን ጋ ስደርስ እግሬን መሬት ላይ እየጎተትኩ አባባ ፊት ቆምኩ፣ ጎማዬ ቀይ፣ ቀሚሴ ቀይ፣ ዓይኔ ቀይ።

አለቀስኩ። በበርበሬው አሳበብኩ እንጂ በበርበሬው አልነበረም።

ጎረቤቴ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ይዛ ደረሰች። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ ሳቋ አላስቆም ብሏት ግድግዳችንን ተደገፈች። «አንቺ ሴትዮ፣ የዘንድሮ ወጤ በሙሉ ጎማ ጎማ ሊል ነው!» አለች። «መቼ ፍጪልኝ አልኩሽ?» ይቅር በይኝ እያልኩ አብሬያት ሳቅኩ፣ አብሬያት አስነጠስኩ። የተረፈውን ለቅመን አጥበን ግቢያችን ውስጥ ልናሰጣው ተስማማን። መስመሩ ለካ የብስክሌት ነው!

አባባ ግን አልሳቁም። እየዳበሱ ቀረቡ፣ እጃቸው ከኮርቻው ኋላ ያለውን ቆርቆሮ አገኘው። ቁጥሩን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት።

«ያኔ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የከተማውን ልጅ ሁሉ ኮርቻ ይዤ ስሮጥ አንቺን መስኮት ላይ አስቀመጥኩሽ። የፈራሁት ለስሜ ነበር፣ ለጉልበትሽ አልነበረም። ይቅር በይኝ ልጄ።»

አባባ በሕይወት ዘመናቸው ይቅርታ ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም። «አዩኝ?» ብቻ አልኳቸው። «ጥርት አድርገው አዩኝ?»

«ከመታጠፊያው ጀምሮ» አሉ። «ጎበዝ ነሽ።»

ይኸው፣ ቃሌን አገኘሁ። በቃኝ፣ ጨረስኩ ብዬ አሰብኩ። በርበሬው መለቀም አለበት፣ ምሳም አልተሠራም። አንድ እግሬን አሻግሬ ከቁጥር ሰባት ልወርድ ስል ከዘራቸው ንጣፉን ሁለት ጊዜ መታው።

«ቁጥር ሰባት! ማን ውረጂ አለሽ?» አሉ አባባ፣ ወደ ወንበራቸው ተመልሰው እየተቀመጡ። «ገና አሁን ወጥተሽ! ሰዓትሽ መች አለቀና?»

ወደ ኮርቻዬ ተመለስኩ።